ትኩሳቱ የወረደ ዕለት ይበልጥ ይጠብቋት፦ በሕፃናት ላይ ደንጊን ያለ መመርመሪያ ስለ መለየት

ጥያቄውን ያቀረቡት በባቲ ዙሪያ ባለ ጤና ጣቢያ የሚሠሩ ጤና መኮንን ናቸው። በሰኞ ገበያ አንዲት እናት የ6 ዓመት ልጇን ይዛ መጣች። ልጅቱ 18 ኪሎ ትመዝናለች። ትኩሳቱ የጀመራት ጁምዓ ከሰዓት በኋላ ነው። ራሷን ያማታል፣ ሆዴን ትላለች፣ ከጠዋት ጀምሮ ሁለት ጊዜ አስመልሷታል። አባቷ ወደ ሚሌ በሚመላለስ የጭነት መኪና ላይ ረዳት ነው። ፈጣኑ የወባ ምርመራ ነጌቲቭ ሆኗል። ቀደም ሲል በሌላ ቦታ በተሠራላት የዊዳል ምርመራ «ታይፎይድ ነው» ተብላ ክኒን ጀምራለች። ጤና ጣቢያው በትንኝ የሚተላለፈውን የደንጊ ቫይረስ መመርመሪያም ሆነ ሙሉ የደም ቆጠራ የሚሠራ ማሽን የለውም። «ደንጊ መሆኑን በምን ልለይ? ደሴ ልላካት ወይስ መድኃኒት ሰጥቼ ለሚቀጥለው ሰኞ ልቅጠራት?» ይላሉ።

ከመጨረሻው ልነሣ። ለሚቀጥለው ሰኞ አይቅጠሯት። ጁምዓን አንድ ብለው ይቁጠሩ፤ ቅዳሜ ሁለት፣ እሑድ ሦስት፣ ዛሬ አራተኛ ቀኗ ነው። በደንጊ የታመመ ልጅ ለአደጋ የሚጋለጠው ብዙውን ጊዜ ከሦስተኛው እስከ ሰባተኛው ባሉት ቀናት ውስጥ ነው። ለዚህች ልጅ ይህ ማለት ከዛሬ እስከ ሐሙስ ነው። የሚቀጥለው ሰኞ አሥራ አንደኛ ቀኗ ይሆናል፤ ያኔ ወይ ድናለች ወይ የለችም። በገበያ ቀን መቅጠር ለምን እንደተለመደ ይገባኛል። እናቲቱ ከሩቅ ቀበሌ መጥታ ሁለተኛ ስትመለስ የአንድ ቀን ሥራ ትፈታለች፣ የትራንስፖርትም ታወጣለች። ለቁስልና ለቆየ ሳል ይህ ቀጠሮ ይሠራል። ለአራት ቀን ትኩሳት ግን አይሠራም፤ ከዚህ ደብዳቤ አንድ ነገር ብቻ የሚይዙ ከሆነ ይህን ይያዙልኝ። መመርመሪያ በሌለበት ደንጊ የሚታወቀው ያንኑ ልጅ በየቀኑ፣ በአደገኛዎቹ ቀናት ደግሞ በየጥቂት ሰዓቱ ደጋግሞ በማየት ነው። በአንድ ጠዋት፣ በአንድ እይታ የሚታወቅ በሽታ አይደለም።

ይህን የተማርሁት ከራሴ ስህተት ነው። የዛሬ ጥቂት ዓመታት የ8 ዓመት ልጅ አስተኝተን ነበር፤ ከቆላ የመጣ ነው። አራት ቀን ሙሉ ከ39 በታች አልወረደም። በአምስተኛው ቀን ጠዋት ትኩሳቱ 36.8 ሆኖ አገኘሁት። እናቱ ፊቷ በርቶ «አልሐምዱሊላህ፣ ሲያልበው አድሮ ለቀቀው» አለችኝ። እኔም ደስ ብሎኝ የመውጫ ወረቀቱን መጻፍ ጀመርሁ። ነርሷ ከልጁ አጠገብ ቆማ «ዶክተር፣ እስቲ እጁን ይያዙት» አለች። ያዝሁት። ከወንዝ የወጣ ይመስል ቀዝቅዟል። እግሩም እስከ ቁርጭምጭሚቱ እንዲሁ ነበር። ልጁ አላለቀሰም፣ አልተራበም፤ ውኃ ብቻ ይጠይቃል፣ ዓይኑ ግን ሰው አይከተልም። ግፊቱን ለካን፤ 95 በ80 ሆነ። የላይኛው ቁጥር ጤነኛ ይመስላል። በሁለቱ መካከል የቀረው ግን 15 ብቻ ነው፤ በልጅ ላይ ይህ ልዩነት 20 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ሾክ ነው፤ ደም ለሰውነቱ በበቂ አይደርስም ማለት ነው። ልጁ ከሁለት ሌሊት በኋላ ተረፈልን። ያን ቀን ነርሷ ባትኖር ኖሮ ልጁን ወደ ቤቱ ልኬው ነበር።

ለምን እንዲህ ይሆናል? ትኩሳቱ በሚወርድበት ሰዓት አካባቢ የትንንሾቹ የደም ሥሮች ግድግዳ ፈሳሽ ማሳለፍ ይጀምራል። የደሙ ውኃ ወደ ሆድና ወደ ደረት ይወጣል፣ የቀረው ደም ይወፍራል፣ ወደ እጅና እግር የሚደርሰው ይቀንሳል። ይህ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ይቆይና ፈሳሹ ራሱ ተመልሶ ወደ ደም ሥር ይገባል። በእነዚያ ሁለት ቀናት ልጁን በፈሳሽ ደግፎ ያቆየ ልጁን ያተርፋል። ከወባ የሚለየው ዋና ነገር ይህ ነው። በወባ ትኩሳቱ ሲወርድ እፎይ እንላለን፤ በደንጊ ግን ትኩሳቱ ሲወርድ ወንበር ስቦ አልጋው አጠገብ መቀመጥ ነው።

አሁን ወደ ልጅቱ ልመለስ። በመጀመሪያ የቀኑን ቁጥር ያረጋግጡ። «መቼ ጀመራት?» ብቻ ካሉ እናት የምትነግርዎ ልጅቱ የተኛችበትን ቀን ነው። «ጁምዓ ምሳ በልታለች? ሐሙስ ማታ ከልጆች ጋር ተጫውታለች?» ብለው ይጠይቁ። ቀኑ አንድ ካጠረ ወይም ከረዘመ ሁሉም ስሌት ይዛባል። ቁጥሩን በካርዷ ላይ በትልቁ ይጻፉት፤ የማታው ተረኛም ከዚያው ላይ እንዲቆጥር።

ቀጥሎ የመጣችበትን ይጠይቁ። በኢትዮጵያ የደንጊ ወረርሽኝ ለመጀመሪያ ጊዜ የተረጋገጠው በ2013 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በድሬዳዋ ነው። በ2014 ጎዴ ላይ ታየ፤ በ2023 ደግሞ በአፋር ሚሌንና ሎጊያን መታ። ባቲ የዚያ መንገድ በር ናት። ደንጊ ከሰው ወደ ሰው በትንፋሽም ሆነ በንክኪ አይተላለፍም። የታመመ አባት ግን ቫይረሱን በደሙ ይዞ ይገባል፤ ግቢው ውስጥ ባለው በርሜል ወይም አሮጌ ጎማ ውስጥ የተፈለፈለችው ኤደስ ትንኝ እሱን ነድፋ ከቀናት በኋላ ልጁን ትነድፋለች። ስለዚህ አባት ባለፉት ሁለትና ሦስት ሳምንታት ታሞ እንደነበር፣ በጎረቤትም የሚያተኩሰው ሰው እንዳለ ይጠይቁ። ይህች ትንኝ የምትነድፈው በቀን ነው፤ «አጎበር አለን» የሚለው መልስ ሐሳብዎን አያስቀይርዎ።

እዚህ ላይ ባቲን የሚመለከት አንድ ነገር ልጨምር። ድሮ ስንማር «በርሜል የኤደስ ነው፣ ረግረግ የወባ ትንኝ ነው» ይባል ነበር። አሁን አኖፈለስ ስቴፈንሲ የምትባለው፣ በከተማ የውኃ ማጠራቀሚያ ውስጥ የምትራባው የወባ ትንኝ በምሥራቅ ኢትዮጵያ ብዙ ከተሞች ተገኝታለች፤ ባቲም ከእነሱ አንዷ ናት። አንዱ ሮቶ ወባንም ደንጊንም ሊያወጣ ይችላል። ስለዚህ የወባ ምርመራ ፖዘቲቭ መሆኑ ደንጊን አያስቀርም፤ ሁለቱ አብረው ይገኛሉ። ነጌቲቭ መሆኑም ወባን ፈጽሞ አያስቀርም፤ በአገራችን ፈጣኑ ምርመራ የሚፈልገውን ፕሮቲን የማያመርቱ የፋልሲፓረም ተውሳኮች ተገኝተዋልና የደም ፊልሙን በማይክሮስኮፕ ያሳዩ፣ ነገም ይድገሙት።

የዊዳሉን ውጤት ወደ ጎን ያድርጉት። አንድ ጊዜ የተሠራ ዊዳል በእኛ አገር ማንኛውም የሚያተኩሰው ልጅ ላይ ፖዘቲቭ ሊሆን ይችላል። «ታይፎይድ» የሚለው ስም አንዴ ካርዱ ላይ ከሰፈረ በኋላ ሌላ የሚያስብ ይጠፋል፤ በዚህ ምክንያት የዘገየ ልጅ ደጋግሜ አይቻለሁ። የማጅራት ገትር ምልክት ካለ ግን (አንገቷ ከደረቀ፣ ከተምታታባት፣ ከተንቀጠቀጠች) ደንጊን ሳይጠብቁ አንቲባዮቲክ ይጀምሩ። ሳልና የዓይን መቅላት ካለ፣ ሽፍታውም ከፊት ከጀመረ ኩፍኝን ያስቡ። ከደጋ ወርደው ከሆነ፣ በልብሳቸውም ቅማል ካለ ግርሻን፣ በቅማል የሚተላለፈውን ተመላላሽ ትኩሳት፣ ያስቡ። የዓይኗ ነጭ ቢጫ ከሆነ ቢጫ ወባ ሊሆን ይችላልና ያኔውኑ ለወረዳ ይንገሩ።

ልጅቱን ሲያዩ ከመጽሐፉ ሥዕል ይላቀቁ። የዚያ ደማቅ ቀይ ሽፍታ ፎቶ የተነሣው በነጭ ቆዳ ላይ ነው። በእኛ ልጆች ላይ መዳፍን፣ የእግርን ውስጠኛ፣ የታችኛውን ከንፈር ውስጥ፣ ላንቃን፣ የዓይን ሽፋንን ይዩ። መዳፉን ተጭነው ሲለቁ ነጭ ሆኖ የሚቆይ የጣት አሻራ ከቀረ ቅላት አለ ማለት ነው። «አጥንት የሚሰብር» የሚባለው ሕመምም የአዋቂ ነው። ትንሽ ልጅ አጥንቴን አይልም፤ ሲያነሱት ይነጫነጫል፣ ሲያዝሉት ያለቅሳል። ከአንድ ዓመት በታች ያለ ሕፃን ደግሞ ተቅማጥና ጉንፋን ብቻ ይዞ ሊመጣ ይችላል፤ ያም ሆኖ ከሁሉ በፍጥነት የሚጎዳው እሱ ነው፤ ከእናቱ የወረሰው ፀረ እንግዳ አካል ሲያንስ ሕመሙን ሊያባብሰው ስለሚችል።

አሁን በእጅዎ ባለው ዕቃ የሚሠሩትን ልንገርዎ። የመጀመሪያው የክንድ ምርመራ ነው። የልጅ መጠን ያለው የግፊት መለኪያ ይፈልጉ፤ የአዋቂው መጠቅለያ ትልቅ ነውና ይሳሳታል። ግፊቷ ለምሳሌ 100 በ60 ከሆነ መካከሉን፣ 80ን፣ ይዘው 5 ደቂቃ ያቆዩት። ልጅቱ ታለቅሳለች፤ እናቷ ታቅፋት፣ ለምን እንደሚያደርጉትም አስቀድመው ይንገሯት። ከዚያ ይፍቱት፣ የእጇ ቀለም እስኪመለስ ሁለት ደቂቃ ይጠብቁ። በወፍራም ወረቀት ላይ ጎኑ 2.5 ሳንቲ ሜትር የሆነ አራት ማዕዘን ቀዳዳ ይቁረጡና ከክርን መታጠፊያ በታች ከቆዳ ሥር የሚታየው የደም ነጠብጣብ በበዛበት ቦታ ላይ ያስቀምጡት። በመስኮት ብርሃን ይቁጠሩ፤ በአምፖል ብርሃን በጠይም ቆዳ ላይ አይታይም። ቆዳውን ሲዘረጉት የማይጠፉትን ብቻ ይቁጠሩ። 10 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ፖዘቲቭ ነው። ባይሆንም ደንጊን አያስቀርም፤ ሾክ ውስጥ ያለ ልጅ ላይም ነጌቲቭ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ነገም ይድገሙት፤ ዛሬ 3 የነበረ ነገ 15 ሲሆን አይቻለሁ።

ሁለተኛው ማንም የማይጠቀምበት ሀብት ነው፤ ለወባ የተሠራው ያው የደም ፊልም። የላቦራቶሪ ባለሙያዎ ወባ ፍለጋ ማይክሮስኮፕ ላይ ተቀምጧል፤ ስሱን ክፍል በዘይት ሌንስ አሥር ቦታ አይቶ ፕሌትሌቶቹን፣ ደም የሚያረጉትን ትንንሽ ቅንጣቶች፣ እንዲቆጥር ይለምኑት። በአንድ እይታ የሚታየውን አማካይ በ15,000 ቢያባዙት ግምቱን ያገኛሉ። በአማካይ ከአምስትና ስድስት በታች ከሆኑ ፕሌትሌቷ 100,000 አካባቢ ወይም ከዚያ በታች ነው። ከጣት የተወሰደ ደም ፕሌትሌትን ያጣብቃልና የስላይዱን ጫፍ አይቶ ተሰብስበው እንደሆነ ያረጋግጥ፤ ቢቻል ከደም ሥር ይውሰድ። በዚያው እይታ ነጭ የደም ሴሎቹ ሳስተው እንደሆነ ይንገርዎ፤ በታይፎይድም ሊያንሱ ይችላሉ፣ በሌላ ባክቴሪያ ግን ብዙውን ጊዜ ይበዛሉ። የግርሻ ተውሳክም ካለ እዚያው ይታያል። ወባ ራሱ ፕሌትሌት ያወርዳል፤ ፊልሙ ላይ ወባ ከተገኘ የፕሌትሌቱ ማነስ ማስረጃ መሆኑ ይቀራል።

ሦስተኛው ሄማቶክሪት ነው፤ ከደሙ ውስጥ ቀይ ሴሎቹ በመቶ ስንት እንደሆኑ የሚነግረን። የሚሽከረከረው ትንሽ ማሽንና ቀጭን የመስታወት ቱቦ ካለዎት ትልቅ ነገር አለዎት። ሄሞግሎቢን ብቻ ካለዎት በሦስት ያባዙት። የመጽሐፉን ጤነኛ ቁጥር ግን እዚህ አይመኑት። 2500 ሜትር ገደማ ላይ ደሴ ያደገ ልጅ ደሙ ከቆላው ልጅ የወፈረ ነው። በባቲ ቆላ ወባ ደጋግሞ የያዘው ልጅ ደግሞ 30 ይዞ ሊኖር ይችላል። የዚህ ልጅ ቁጥር 36 ቢሆን ወረቀቱ ላይ «ደህና» ነው፤ እውነቱ ግን 20 በመቶ ጨምሯል፣ ፈሳሽ እየፈሰሰ ነው። ስለዚህ ዛሬ ይለኩ፣ ማታ ይለኩ፣ ነገ ጠዋት ይለኩ፤ የሚያወዳድሩት ልጅቱን ከራሷ ጋር ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2009 ባወጣው መለያ ደንጊ ካለበት አካባቢ ጋር የተገናኘ፣ የሚያተኩሰው ሰው፣ ከማስመለስ፣ ከሽፍታ፣ ከራስና ከሰውነት ሕመም፣ ከክንድ ምርመራው፣ ከነጭ የደም ሴል ማነስ ወይም ከማስጠንቀቂያ ምልክቶች ሁለት ካሉት ደንጊ ሊሆን ይችላል ተብሎ ይያዛል። የእርስዎ ልጅ እስካሁን በጻፉልኝ ብቻ ይህን ታሟላለች። የማስጠንቀቂያ ምልክቶቹም የማያቋርጥ የሆድ ሕመም፣ ተደጋጋሚ ማስመለስ፣ ከድድ ወይም ከአፍንጫ መድማት፣ መፍዘዝ ወይም መቁነጥነጥ፣ የጉበት ማበጥ፣ የሆድ መነፋት ናቸው። እኔ በአራተኛ ቀን «ሆዴን» የምትል ልጅ ካየሁ እጄን ከጎድን አጥንቷ በታች በቀኝ በኩል አስቀምጬ ፊቷን አያለሁ። ከተኮሳተረች ወይም ጉበቷ ከሁለት ሳንቲ ሜትር በላይ ከወረደ ወደ ቤት አትሄድም።

ሕክምናውን በአጭሩ። ፓራሲታሞል 250 ሚሊ ግራም፣ ማለትም የ500ው ክኒን ግማሽ፣ በየ6 ሰዓቱ፤ ከዚያ አይበልጥ። አስፕሪን፣ አይቡፕሮፌን፣ ዲክሎፌናክ አይነካት፤ የጡንቻ መርፌም አይወጋት፣ ጡንቻው ውስጥ ደም ይፈስሳል። መድኃኒት ቤት «የትኩሳት መርፌ» ተወግታ እንደነበር ይጠይቁ። ቤት ውስጥ ምች ነው ብለው ዳማከሴ ሰጥተዋት ይሆናል፤ አይቆጧቸው፣ ምን እንደሰጧት መስማት ይሻላል። የምትጠጣ ከሆነ ኦአርኤስ በማንኪያ ሳይቋረጥ ይሰጣት። ከማስጠንቀቂያ ምልክቶቹ አንዱ ካለ ሪንገር ላክቴት ወይም ኖርማል ሳላይን በሰዓት 90 ሚሊ ሊትር ይጀምሩ፤ በ20 ጠብታ 1 ሚሊ ሊትር በሚያወርድ ቱቦ በደቂቃ 30 ጠብታ ነው። ከአንድ ወይም ሁለት ሰዓት በኋላ አይተው ይቀንሱ።

ሾክ ላይ ግን ይጠንቀቁ። በ2011 በኡጋንዳ፣ በኬንያና በታንዛኒያ የተሠራው ትልቅ ጥናት የሚያተኩሱና በጠና የታመሙ አፍሪካውያን ሕፃናት ፈሳሽ በፍጥነት ሲንቆረቆርላቸው ሞት እንደጨመረ አሳይቷል፤ ብዙዎቹ ወባና የደም ማነስ ነበረባቸው። የደንጊ መመሪያ ደግሞ ስጡ ይላል። ሁለቱን የሚያስታርቀው ያ ሄማቶክሪት የሚለካበት ቀጭን ቱቦ ነው። እጇ ቀዝቅዞ፣ የግፊቷ ልዩነት ጠቦ፣ ሄማቶክሪቷ ወጥቶ ከሆነ ከ180 እስከ 360 ሚሊ ሊትር በአንድ ሰዓት ይስጧት፣ በየ15 ደቂቃውም አተነፋፈሷን ይዩ። መዳፏ ነጭ ሆኖ ሄማቶክሪቷ ወርዶ ከሆነ የሚያስፈልጋት ደም ነው፤ ወደ ሆስፒታል ትሂድ። በሾክ ላይ ያለች ልጅ ፈሳሽ ሳይጀመርላት በኮምቦልቻ በኩል ሽቅብ ወደ ደሴ አትጫን፤ ፈሳሹ እየወረደላት፣ ነርስ አብሯት ይሂድ።

ዛሬ ከደም ሥር ትንሽ ደም ወስደው ሴረሙን በቅዝቃዜ ያቆዩ። የቫይረሱን ፕሮቲን የሚፈልገው ኤንኤስ1 የሚባለው ምርመራ በይበልጥ የሚይዘው በመጀመሪያዎቹ አምስት ቀናት ነው፤ ሐሙስ ቢወስዱት ያመልጥዎታል። ናሙናው በወረዳው በኩል ደሴ ወዳለው የአማራ ህብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ቅርንጫፍ እንዲሄድ ያሳውቁ። ውጤቱ ለእሷ አይደርስላትም፤ ለጎረቤቶቿ ልጆች ግን ይደርሳል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋም ዛሬውኑ ግቢውን ትይ፣ በርሜሉ ይከደን፣ ጎማው ይደፋ።

እናቲቱን ካሳደሯት እንዲህ ይንገሯት። «ትኩሳቱ ሲለቃት ጥሪኝ፤ ያን ጊዜ ነው የምፈራው።» ትገረማለች፣ ግን አትረሳውም። ሽንት መሽናቷን ትቁጠር፤ ስድስት ሰዓት ካልሸናች ትናገር። ሌሊት ሙቀት መለኪያ ከማንሳትዎ በፊት እግሯን ይያዙ፣ የጥፍሯን ሥር ተጭነው ይልቀቁ፤ ደሙ ለመመለስ ከሁለት ሰከንድ በላይ ከወሰደ ግፊቷን ይለኩ። የሚተኛበት ክፍል ከሌለዎት፣ ሌሊት የሚያያት ሰው ከሌለ፣ ወይም ሆዷ ሲነካ ካመማት ዛሬ በብርሃን ይላኳት።

ያለ ፓራሲታሞል ሁለት ቀን ሙሉ ሳታተኩስ ከቆየች፣ ሄማቶክሪቷ ከረጋ፣ ሽንቷ ከበዛ፣ ራሷም እንጀራ ጠይቃ ከበላች፣ ያን ጊዜ ወደ ቤቷ ይልቀቋት።